ለሁሉም ክፍት የነበረው ቤት

እኛ ዘንድ ጎበሳ ላይ የገብሱ እሸት ደርሷል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከተራራው አልነሣ እያለ ልጆቹ በጋቢ ተጠቅልለው ነው ቁርስ የሚበሉት።

ዛሬ ስለ አንድ ቤት ላጫውታችሁ። ቤቱ የሚገኘው በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ ሆፕ ሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ ነው፤ ቁጥሩ 56። የቤቱ ባለቤት የሬጌን ሙዚቃ በዓለም ላይ ያሰራጨው ቦብ ማርሌይ ነበር። እሱና ዌይለርስ የተባለው ባንዱ የሚለማመዱትም፣ የሚቀርጹትም፣ የሚበሉትም፣ ኳስ የሚጫወቱትም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ሆኗል።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ስታነቡ መጽሔቱን ከድናችሁ ሽፋኑን እንደገና ሳታዩ አልቀራችሁም። አልተሳሳታችሁም። መጽሔቱ ያው የቤተ ክርስቲያን መጽሔት ነው፤ የምጽፈውም እኔው የመጋቢው ሚስት ነኝ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

እንዴት እንደ ሄድኩ

ባለፈው ዓመት ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ሴት አገልጋዮች ኪንግስተን ላይ ስብሰባ ነበራቸው። የመጓጓዣውን ወጪ አዘጋጆቹ ስለ ቻሉት እኔም ዕድሉ ደረሰኝ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ተሰጠን። ግማሹ ወደ ባሕር ዳር፣ ግማሹ ወደ ገበያ ለመሄድ ተዘጋጀ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የምታድር የጋና እህት ግን፣ «እኔ የቦብ ማርሌይን ቤት ሳላይ አገሬ አልገባም። አንቺ ደግሞ ኢትዮጵያዊት ነሽ፤ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ስለ አገርሽ ሲያወራ አይደል የኖረው? ነይ እንሂድ!» አለችኝ።

መጀመሪያ፣ «የለም፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ዐርፋለሁ» አልኳት። ዓለማዊ ዘፋኝ ቤት ምን እሠራለሁ ብዬ ብቻ አይደለም። የቦብ ማርሌይን ስም ስሰማ የሚታወሰኝ አንድ ነገር ስለ ነበረ ነው። ኋላ ግን ልቤ ዕረፍት ሲያጣ ነጠላዬን አደረግሁና ተከተልኳት።

የተቀደደው ፖስተር

ትልቁ ልጃችን አሁን ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። እሱ ሲያድግ ቤታችን መናኸሪያ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከገጠር ታማሚ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች፣ ከአሰላ ለአገልግሎት የሚመጡ ወንጌላውያን፣ ተጣልተው በውድቅት ሌሊት በር የሚያንኳኩ ባልና ሚስት፣ ለፈተና የመጡ የሩቅ ቀበሌ ተማሪዎች፣ ሁሉም ወደ መጋቢው ቤት ነው የሚመጣው። ደስ ይለን ነበር። የእግዚአብሔር ሰው ቤት በሩ አይዘጋም ብለን ነው ትዳራችንን የጀመርነው።

እንግዳ ሲመጣ አልጋውን የሚለቅ ግን ያ ልጅ ነበር። «ትልቅ ልጅ አይደለህ?» እለውና ፍራሽ ሳሎን አነጥፍለታለሁ። አንዳንዴ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወር ሙሉ። ጠዋት ለጸሎት የሚመጡ ሰዎች ስላሉ ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ፍራሹን ማጠፍ ነበረበት። አንድም ቀን እምቢ አላለም። እኔም እምቢ ስላላለ ግድ የሌለው መስሎኝ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሳለ ሻሸመኔ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ሲመለስ አንድ የቦብ ማርሌይ ፖስተር ይዞ መጣ። ጊታር ያቀፈበት ነው። በአልጋው ራስጌ ለጠፈው። እኔም አባቱም አይተን እንዳላየን አለፍነው። አንድ ቀን ግን ከሩቅ የመጡ አንድ የተከበሩ እንግዳ በዚያ ክፍል እንዲያድሩ ተደረገ። ወደ ክፍሉ ስናስገባቸው ቀና ብለው አዩትና፣ «የመጋቢው ልጅ ክፍል ነው ይሄ?» ብለው ፈገግ አሉ። ሌላ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። ፈገግታቸው ግን አቃጠለኝ። ሲነጋ እሳቸውን ሸኝቼ ተመለስኩና ፖስተሩን ከግድግዳው ገንጥዬ፣ ቀድጄ፣ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ባዶውን ግድግዳ አየ። አልጮኸም። በሩን አልወረወረም። «እማዬ፣ በዚህ ቤት ውስጥ የኔ የሆነ አንድ ግድግዳ እንኳ የለም» አለኝና ደብተሩን አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ተመረቀ፣ አዲስ አበባ ሥራ ያዘ። በዓል ሲሆን ይደውላል። «ደህና ነኝ፤ እናንተስ ደህና ናችሁ?» ይላል። ንግግራችን ከዚህ አያልፍም ነበር። ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ካቆመ ቆይቷል። እኔም በጸሎት ኅብረታችን «ልጄን ጸልዩልኝ» እላለሁ እንጂ ስለዚያ ፖስተርም ሆነ ስለዚያ ፍራሽ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጃማይካና እኛ

ወደ ቤቱ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። እኛ አርሲዎች ለጃማይካ ሰዎች እንግዳ አይደለንም። ሻሸመኔ የሄደ ሁሉ ጃማይካ ሰፈርን ያውቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት የዓለም ጥቁር ሕዝቦች ምስጋና እንዲሆን አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያ መሬት የሰጡት በ1948 እ.ኤ.አ. ነበር። ልጅ ሆነን አጎቴ ዘንድ ክረምት ስንሄድ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተቀባውን አጥር እያየን፣ ረጅም ጸጉራቸውን እየቆጠርን እናልፍ ነበር።

ንጉሡ ራሳቸው ጃማይካን የጎበኙት ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ስለ ተጥለቀለቀ ለመውረድ ጊዜ ወስዶባቸዋል። በሕዝቡ መካከል ከነበሩት አንዷ በዚያው ዓመት ቦብን ያገባችው ወጣቷ ሪታ ነበረች። ቦብ ያን ጊዜ አሜሪካ እናቱ ዘንድ ነበር፤ ያየችውን የነገረችው እሷ ናት። ሁለቱም ኋላ የያዙት የራስ ተፈሪያን እምነት ንጉሡን አምላክ ያደርጋል። እኛ ሰውን አናመልክምና በዚህ አንስማማም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ቦብ ማርሌይ ሊሞት ወራት ሲቀሩት፣ በ1980 እ.ኤ.አ.፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቋል። ክርስትና ስሙም ብርሃነ ሥላሴ ነበር። በልቡ ውስጥ የሆነውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እኔ ግን ይህን ያወቅሁት ፖስተሩን ካቃጠልኩ ከዓመታት በኋላ መሆኑ ከንክኖኛል።

ከበሩ ስንገባ

ቤቱ ቤተ መንግሥት የሚመስል ሰፊ ሕንፃ ይሆናል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አይደለም። ያረጀ፣ ሲረገጥ ወለሉ የሚንቋቋ የእንጨት ቤት ነው። ግቢው ዛፎች አሉት፤ ደጁ ላይ ጊታር የያዘ የማርሌይ ሐውልት ቆሟል። ባንዲራችንን እዚያ ስታዩት፣ በዚያ ሁሉ ርቀት፣ ሆዳችሁ ባር ባር ይላል። የንጉሡ ሥዕልም አለ። አስጎብኚያችን ከኢትዮጵያ መምጣቴን ስትሰማ እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ሻሸመኔን ታውቂያታለሽ?» አለችኝ። «ጎረቤታችን ናት» ስላት ሌሎቹን ጎብኚዎች ትታ ለእኔ ብቻ ማስረዳት ቀራት።

ቤቱ ቀድሞ የክሪስ ብላክዌል፣ የሙዚቃ አሳታሚያቸው ነበር። ማርሌይ ከ1975 እስከ ሞተበት እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ኖሮበታል። በአንድ ክፍል የወርቅና የፕላቲነም ሸክላዎቹ ተደርድረዋል። የጃማይካ መንግሥት የሰጠው የክብር ኒሻን አለ። መድረክ ላይ ይለብሰው የነበረ የጂንስ ሸሚዝ አለ። የመጨረሻውን ጉዞውን የሚተርኩ የጋዜጣ ቁራጮች ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሸፍነውታል። ወጥ ቤቱ ከነመፍጫው አለ፤ ሥጋ የማይገባበት፣ ጨው የሌለበት ምግብ ነበር የሚሠራበት። ሙዚቃ ይቀረጽበት የነበረው ክፍል ዛሬ ኤግዚቢሽንና ፊልም የሚታይበት አዳራሽ ሆኗል። ቤቱ ውስጥ ፎቶ ማንሣት አይፈቀድም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ ሰው በዐይኑ እንዲያይ ያስገድደዋል።

ከቤቱ በስተኋላ ባለው ክፍል ግድግዳው ላይ ጥይት የበሳቸው ቀዳዳዎች አሉ። ኅዳር 24 ቀን 1969 ዓ.ም. ማታ የታጠቁ ሰዎች ግቢውን ጥሰው ገብተው ተኮሱ። ጊዜው ሁለቱ የጃማይካ ፓርቲዎች በየሰፈሩ ደም የሚፋሰሱበት ነበር። ማርሌይ ደረቱንና ክንዱን ተመታ። ሥራ አስኪያጁ ብዙ ጥይት አገኘው። ሪታ ጭንቅላቷን ተመታች። በእግዚአብሔር ቸርነት ሁሉም ተረፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ማርሌይ ቁስሉ ሳይደርቅ አስቀድሞ ቃል በገባበት የነጻ ዝግጅት ላይ በሺህ ለሚቆጠር ሕዝብ ዘፈነ፤ ሪታም አብራው መድረክ ላይ ነበረች። ከዚያ አገር ለቅቆ ለንደን ተቀመጠ፤ እዚያ ያወጣውን አልበም ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁለተኛው መጽሐፍ ወስዶ «ዘጸአት» አለው። በ1978 እ.ኤ.አ. ሲመለስ ደግሞ የሁለቱን ተፋላሚ ፓርቲዎች መሪዎች፣ ማይክል ማንሊንና ኤድዋርድ ሲያጋን፣ መድረክ ላይ ጠርቶ እጃቸውን አጨባበጣቸው።

«ይህ ቤት ለሁሉም ክፍት ነበር» አለች አስጎብኚያችን። «ሙዚቀኛው፣ ኳስ ተጫዋቹ፣ ፖለቲከኛው፣ የሰፈር ጉልበተኛው፣ ሁሉም ይመጣ ነበር። ችግረኛ በበሩ ይሰለፋል፤ እሱም ይሰጣል። ባዶ እጁን የሚመለስ አልነበረም።»

ይህን ስትል ጋናዊቷ እህቴ ጎኔን ነካ አድርጋ፣ «የእናንተን ቤት ይመስላል» አለችኝ። ማታ ማታ ስለ ጎበሳ ቤታችን ስነግራት ሰንብቼ ስለ ነበር ለማሞገስ ብላ ነው። እኔ ግን ደነገጥኩ።

አልጋው

ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰዱን። የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ተራ አልጋ ነው። አጠገቡ የኮከብ ቅርጽ ያለው ጊታር አለ። አስጎብኚያችን ክፍሉ እሱ በነበረበት ጊዜ እንደ ነበረ ተጠብቆ መቆየቱን ነገረችን። ሌሎቹ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ሲሄዱ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

ሰውዬው የሞተው ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው። በእግሩ ጣት ላይ የጀመረ ካንሰር መላ ሰውነቱን አዳርሶት፣ ከጀርመን ሕክምና ወደ አገሩ ሲመለስ ማያሚ ላይ ዐረፈ። ዕድሜው 36 ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገና ጡት ያልተውኩ ሕፃን ነበርኩ። ይኸው ከአርባ ዓመት በላይ አለፈ፤ የሟቹ አልጋ ግን ማንም ሳይተኛበት እየተጠረገ፣ እየተጠበቀ ይኖራል። እኔ በሕይወት ያለ ልጄን አልጋ አንድ ወር ሙሉ ልጠብቅለት አልቻልኩም።

እንባዬ መጣ። ጋናዊቷ ተመልሳ ስታየኝ ለቦብ ማርሌይ የማለቅስ መስሏት በጣም ተገረመች።

በሩ ክፍት፣ ቤተሰቡ የት?

ስንወጣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለ ሪታ አወራን። ሪታ በ2004 እ.ኤ.አ. ስለ ሕይወቷ ባሳተመችው መጽሐፍ እንደምትተርከው፣ ያ ቤት ለሁሉም ክፍት በነበረባቸው ዓመታት እሷና ልጆቿ በብዛት የሚኖሩት እዚያ አልነበረም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቡል ቤይ በሚባል ባሕር ዳር ሰፈር ነበር። ማርሌይ ከሌሎች ሴቶችም ልጆች ወልዷል፤ በአባትነት የሚታወቁለት 11 ልጆች ናቸው። ከውጭ ከተወለዱት አንዳንዶቹን ያሳደገችው ሪታ ራሷ ናት። እሱ ራሱም ያለ አባት ነበር ያደገው፤ ነጭ የነበረው አባቱ ብዙም ሳያየው፣ ቦብ አሥር ዓመት ሲሆነው ሞተ። ኑዛዜ ሳይጽፍ ስላለፈ ደግሞ ንብረቱ ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ሲያከራክር ኖረ። ያን ቤት በ1986 እ.ኤ.አ. ሙዚየም አድርጋ ለሕዝብ የከፈተችው ያቺው ብዙ የቻለች ሚስት ናት።

ይህን የምጽፈው ሰውን ለመኮነን አይደለም። ሰውዬው ለጋስ ነበር፤ ባላንጣዎችን አጨባብጧል፤ ስለ ድሃ ጮኋል። የእኛና የእሱ ኑሮም አንድ አይደለም። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። በሩ ለሕዝብ ሁሉ የተከፈተ ቤት፣ በውስጡ ለሚያድጉት ልጆች የተዘጋ ሊሆን ይችላል። የዘፈን ባንድ ቤት ብቻ እንዲህ ይሆናል ያለው ማን ነው? የመጋቢም ቤት ይሆናል። የሐኪምም፣ የሽማግሌም፣ የባለ ሥልጣንም ቤት ይሆናል።

መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 1 ስለምትገኘው፣ የሌሎችን የወይን ቦታ ስትጠብቅ የራሷን ስላልጠበቀችው ሴት አንድ ጽሑፍ አቅርቤ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ስለ ሳሙኤል ልጆችም በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8 አስተምሬአለሁ። እስራኤልን ሁሉ ከከተማ ከተማ እየዞረ የዳኘው ታላቅ ነቢይ፣ ልጆቹ በመንገዱ አልሄዱም ይላል። ይህን ሁሉ ለሌሎች ሳስተምር የራሴ ልጅ ሳሎን ወለል ላይ ተኝቶ ይሰማኝ ነበር።

ስልኩ

በዚያ ቀን ማታ በኪንግስተን አራት ሰዓት ላይ ደወልኩለት። አዲስ አበባ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከእንቅልፉ ተነሥቶ፣ «እማዬ ምን ሆንሽ?» አለኝ ደንግጦ።

«ምንም አልሆንኩም። ዛሬ የት እንደ ዋልኩ ገምት» አልኩት።

«ስብሰባ ነዋ።»

«ቦብ ማርሌይ ቤት።»

ጥቂት ዝም አለና ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። ስለ ቤቱ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ጥይቱ ቀዳዳ፣ ስለ ሸሚዙ፣ ስለ መፍጫው። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ ፖስተርህን መቅደዴ ልክ አልነበረም። ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ፖስተሩን እኮ ረስቼዋለሁ፣ እማዬ» አለኝ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «አልጋዬን ነው ያልረሳሁት።»

ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቃል የወጋኝ ግን የለም። ላስረዳው ጀመርኩና ተውኩት። እንግዳ መቀበል መልካም ነው፣ ቤቱ ጠባብ ነበር፣ አባትህ ደመወዙ ትንሽ ነበር እያሉ መዘርዘር ይቻላል። ሁሉም እውነት ነው። ይቅርታ ጠይቆ ምክንያት መደርደር ግን ይቅርታውን መልሶ መውሰድ ይሆናል። «ገብቶኛል» ብቻ አልኩት። ሁለታችንም ዝም ብለን ጥቂት ቆየን። የስልኩ ሒሳብ እየቆጠረ ነበር፤ አልቸኮልኩም።

ቤታችን ዛሬ

ከኪንግስተን ስመለስ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ ብዙ አይናገርም። ለብዙ ጊዜ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና፣ «ለሽማግሌዎች እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ። ነገራቸውም። አንዳንዶቹ አልተዋጠላቸውም። «የመጋቢ ቤት ተዘጋ ሊባል ነው» ያሉም አሉ። ጌታ ይስጣቸውና ሌሎቹ ግን ከጸሎት ቤታችን ጀርባ ያለውን የዕቃ ክፍል አጽድተው፣ ሁለት አልጋ አስገብተው፣ ለሩቅ እንግዳ ማረፊያ አደረጉት። ምግቡ አሁንም ከእኛ ቤት ይሄዳል። እንግዳ መቀበልን አልተውንም፤ ዕብራውያን ምዕራፍ 13 የሚያዝዘውን ማን ይተዋል? የተውነው አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ በልጆቻችን አልጋ ቸርነት አናደርግም። የራሳችንን አልጋ እንለቃለን እንጂ።

ማክሰኞ ማታ ደግሞ የቤተሰብ ማታ ሆኗል። ሰው የሞተበት ወይም የታመመበት ካልሆነ በቀር በር ያንኳኳ ሰው ነገ እንዲመለስ በትሕትና ይነገረዋል። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይል ነበር። ትንሿ ልጃችን እጁን ይዛ ታስቀምጠዋለች።

በየስፍራው ያላችሁ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ አንድ ቃል ላስቸግራችሁ። ስለ መጋቢያችሁ ልጆች ስታስቡ መዝሙር ማጥናታቸውንና አለባበሳቸውን ብቻ አትመልከቱ። የት እንደሚተኙ ጠይቁ። አባታቸውን በሳምንት ስንት ማታ እንደሚያገኙት ጠይቁ። የመጋቢ ልጅ ክፍል ስትገቡም ግድግዳው ላይ የሰቀለውን አይታችሁ ፈገግ አትበሉ፤ የእናቲቱ ልብ ደካማ ነው።

እናቶች ደግሞ፣ ልጃችሁ የሚሰማው ሙዚቃ ባይጥማችሁ ከመቅደዳችሁ በፊት ጠይቁት። ይህን ሰው ለምን ወደድከው በሉት። እኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ስለ ሻሸመኔ፣ ስለ ብርሃነ ሥላሴ ጥምቀት፣ የራሱን አባት ሳያውቅ ስላደገ ልጅ አብረን እናወራ ነበር። ምናልባትም ልጄ ስለ ራሱ አባት የሚናገረውን ያን ጊዜ እሰማ ነበር።

ልጃችን ለፋሲካ መጣ። ሁለት ሌሊት አደረ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሷል ብዬ ልመሰክርላችሁ አልችልም፤ አልተመለሰም። በበዓሉ ጠዋት እኛ ስንሄድ እሱ ቤት ቀረ። እኔም ሳልነዘንዘው ሄድኩ። ሁለተኛው ቀን ማታ ግን ከአባቱ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ሲያወሩ ሰምቼአቸዋለሁ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅሁም።

ከሙዚየሙ ሱቅ የቦብ ማርሌይ ፖስተር ገዝቼለት ነበር። በስብሰባው ወረቀቶች መካከል ጠቅልዬ፣ ሻንጣዬ ይፈተሽና ያፍሩብኝ ይሆን እያልኩ ነው ጎበሳ ያደረስኩት። አልጋው ላይ አስቀመጥኩለት። ፈታ አድርጎ አየውና እየሳቀ፣ «እማዬ፣ አሁን እኮ ሌላ ነው የምሰማው» አለኝ። መልሶ ጠቀለለው።

ቀጥሎ ግን መዶሻ ጠየቀኝ። በራስጌው ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ምስማር መታና ጃኬቱን ሰቀለበት። አዲስ አበባ ሲመለስ ጃኬቱን ወሰደ። ምስማሩን አልነቀልኩትም።

የቤታችሁ ሰላም ይብዛ።